የሽማግሌ ኤግበርት ልብስ ማድረቂያ

ክላሲና ክራመር ማክሰኞ ጠዋት ስትደውል፣ ዴና ብሩወር ድምፅዋን እንደሰማች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልትዘጋባት ምንም አልቀራት። ክርስቲያን ነኝ ብላ ነው የተወችው።

«ዴና፣ ማድረቂያችን አልሞቅ አለ» አለች ክላሲና። «መዞሩንስ ይዞራል። ልብሱ ግን እርጥቡን ገብቶ እርጥቡን ይወጣል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ አንድ ካልሲ እንኳ አላደረቀም።»

«ውጪ አስጪዋ።»

«በዚህ ብርድ? የኤግበርት ሱሪ ገመድ ላይ በረዶ ሆኖ እንደ ሳንቃ ቆመ እኮ። ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።»

ኤግበርት የሌለበት ሱሪ ቢሄድ ምን ችግር አለው፣ ቢያንስ አይሰብክም፣ አለች ዴና በሆዷ። ሳቋም መጣ፣ ግን ዋጠችው። ለክላሲና ሳቅ የምትሰጥበት ጊዜ አልነበረም።

«ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች።

ዴና ባሏ ሃርም ከሞተ ወዲህ የእሱን የመሣሪያ ሣጥን አንጠልጥላ ቤት ለቤት እየዞረች የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ትጠግናለች። ሃርም በሕይወት ሳለ መብራት ስታበራለት፣ ብሎን ስታቀብለው ሥራው ገብቷታል። ልጆቿም አድገው ወጥተዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጣት ነገር የለም። በከተማው ሌላ ጠጋኝ ስለሌለ የምትወደውም የምትጠላውም ሰው ምድር ቤት ውስጥ ተንበርክካ ታውቃለች። ክራመሮችን ግን እጠላለሁ አትልም። መጥላት ኃጢአት ነው። እንቃቸዋለሁ ነው የምትለው። ስለ መናቅ ቅዱስ መጽሐፍ ያን ያህል አጥብቆ የተናገረ አይመስላትም፤ አጥብቆ ተናግሮም ከሆነ ገጹን እስካሁን አላገኘችውም።

የናቀቻቸውም በከንቱ አይደለም። ከተማዋ የሆላንድ ዘሮች ከተማ ናት፤ አያቶቻቸው ወደ አዮዋ ሜዳ ሲመጡ ሁለት ነገር ይዘው መጡ ይባላል፣ ላምና ሰንበት። እሑድ ሱቅ አይከፈትም፣ ሣር አይታጨድም፣ ሞተር አይነሣም። ለምሳ የሚቀቀለው ድንች ቅዳሜ ማታ ተልጦ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት አምልኮ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ማታ ደግሞ አምልኮ። ልብስ ማጠብማ አይነሣም። በበጋ የሚያጥብ ሰው ቢኖር እንኳ ላይታይ ይችላል። በብርዱ ወራት ግን ማድረቂያ ያጋልጣል፤ ሞቃቱን አየር በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጪ ሲተፋ ነጭ እንፋሎት ከቤቱ ጎን ይትጎለጎላል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ወደ ማታው አምልኮ የሚሄድ ሰው መዝሙር መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የሚያየው ሰማይ ሰማዩን አይደለም፣ የሰው ግድግዳ ነው።

የዴና የመጨረሻ ልጅ ማርላ እንቁላል ፋብሪካ ትሠራለች፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ባሏ ከባድ መኪና ይዞ አገር ላገር ሲዞር ነው የሚከርመው። በመከር ሴት ልጅ ወለዱ፣ ሪና አሏት። የሪና ሽንት ጨርቅ ደግሞ ሰንበት አያውቅም። ማርላ አንድ እሑድ ማታ የተከመረውን ጨርቅ አጥባ ማድረቂያው ውስጥ ከተተች። በዚያው ሰዓት ክላሲና ከባሏ ጋር በዚያ መንገድ ስታልፍ እንፋሎቱን አየች። የክላሲና ባል ኤግበርት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎች ካልፈቀዱ ደግሞ ሕፃን አይጠመቅም።

ኤግበርት ማርላ ቤት ሄደ። ወንበር ሳበ፣ የቀረበለትን ኬክ በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ «ሕፃኗ ከመጠመቋ በፊት ምእመናኑ ፊት ቆመሽ ሰንበትን ሽሬአለሁ ብለሽ ትናዘዣለሽ» አላት። ማርላ በሩን አሳየችው። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ሪና ጥርስ ልታበቅል ደርሳለች፣ ገና አልተጠመቀችም።

ዴና ራሷ ሰንበት ታከብራለች። ልጇንም ተቆጥታታለች፣ «ቅዳሜ ማታ ማጠብ አቅቶሽ ነው?» ብላ። ግን የልጅ ልጇን ባቀፈች ቁጥር የምታስበው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ ሳትጠመቅ፣ እናቷም እንደኮረፈች ልትቀር ነው። ማርላ የያዘችውን የምትለቅ ልጅ አይደለችም። ዴና በየማታው አልጋዋ ሥር ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ አንድ መንገድ ክፈት» ትላለች።

ኤግበርት በሩ ላይ ነበር የጠበቃት። አጭር፣ ወፍራም፣ አንገቱ ከአገጩ ጋር የተዋሐደ ሰው ነው። ትራክተር ይሸጣል። ትራክተር ስለሚሸጥ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ የሚታዘዝለት ይመስለዋል።

«ሬዚስታንሱ፣ ማሞቂያ ሽቦው ነው የተቃጠለው» አላት፣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ። «እሱን ቀይሪና ሌላ ነገር አትነካኪ።»

«ከፍተህ አየኸው?»

«ማየት አያስፈልገኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ትራክተር ሸጫለሁ።»

«ስንቱን ጠግነሃል?»

«መሸጥና መጠገን ያው ነው። ዋናው ዕቃውን ማወቅ ነው።»

«በዚህ አያያዝ ሬሳ ሣጥን ሻጩም ሐኪም ነዋ።»

ክላሲና ከኋላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ኤግበርት ዞር ብሎ ሲያያት ያሳላት መሰለች።

ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ማድረቂያው ጥግ ላይ ቆሟል። አጠገቡ ያልደረቀ ልብስ የሞላ ቅርጫት አለ፤ ሰማያዊ ፎጣዎች፣ አንሶላ፣ የኤግበርት ሸሚዝ። ዴና ሶኬቱን ነቀለች፣ ማድረቂያውን ከግድግዳው ጎትታ ከኋላው ገባች። ተንበርክካ በካቻቢቴ የጀርባውን ቆርቆሮ ትፈታ ጀመር። ኤግበርት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ይወዳል፣ ራሱ የሠራ ያህል ይሰማዋል።

«ልጅሽ እንዴት ናት?» አላት። «አሁንም አንገተ ደንዳና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እጸልይላታለሁ።»

«ይድረሳት።»

«ከባድ ነው እኮ ዴና። ሽማግሌ መሆን ማለት እኔ ወድጄ መሰለሽ? የሰውን ኃጢአት ማየት ልብ ያደማል። አሁን እኔ የማርላን ስም በጉባኤ ሳነሣ የሚሰማኝን ብታውቂ።»

«ምን ይሰማሃል?»

ኤግበርት አሰበበት። «ኀዘን» አለ መጨረሻ ላይ፣ ቃሉን ከብዙ ቃላት መሐል የመረጠ ይመስል።

ዴና ብሎኑን አፏ ውስጥ አድርጋ ስለነበር አልመለሰችም። ብሎን አንዳንዴ ከጸሎት ይልቅ ምላስን ይገታል። ቆርቆሮውን አነሣች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን ቴስተሯን አወጣች፣ ጫፎቹን ሬዚስታንሱ ላይ አደረገች። መርፌው ዘለለ።

«ሬዚስታንሱ ደህና ነው።»

«ሊሆን አይችልም።»

«ለእሱ ንገረው።»

ከሬዚስታንሱ በላይ አውራ ጣት የምታህል ፊውዝ ተለጥፋለች። ጫፎቹን እዚያ ላይ አደረገች። መርፌው አልተነቃነቀም። ደጋግማ ሞከረች፣ ያው ነው። «ይቺ ናት የሞተችው» አለች ዴና። «ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሷን አቃጥላ መስመሩን ትቆርጠዋለች፣ ቤት እንዳይቃጠል። ሞተሩ በሌላ መስመር ስለሚሄድ መዞሩን አላቆመም።»

«አየሽ፣ ቀላል ነገር ነው። ቀይሪያትና ሂጂ።»

«ዝም ብላማ አትሞትም። ማድረቂያው ታፍኖ ነው። አየሩ በቱቦው አልፎ በግድግዳው ቀዳዳ መውጣት አለበት፣ የሆነ ነገር ዘግቶታል። እሱን ሳላገኝ አዲስ ባስገባ በሳምንቱ ትሞታለች። ካልሞተች ደግሞ ይባስ፣ ተኝታችሁ ትቃጠላላችሁ።»

ያን ጊዜ ኤግበርት ከደረጃው ላይ ተነሣ። ሰውዬው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ነው፤ አሁን ግን ትኩስ ምድጃ ላይ የተቀመጠ ይመስል ብድግ አለ። መጥቶ በእሷና በግድግዳው መሐል ገባ።

«ቱቦው ንጹሕ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያጸዳሁት።»

«መቼ?»

«በቀደም።»

«በቀደም?» አለች ክላሲና። «አንተ በቀደም ምን...» ብላ አቋረጠችው። ባሏን አየችው። እሱም አያት። አንተ አላወጣኸውም እንዴ፣ አንቺ አላወጣሽውም እንዴ የሚባባል ዓይን ነበር፣ የቤቱን ቁልፍ እርስ በርስ ተማምነው ውስጥ ዘግተውት እንደወጡ ባልና ሚስት።

ዴና ይህን አይታ ካቻቢቴዋን አስቀመጠች። «ኤግበርት፣ ፈቀቅ በል።»

«ቱቦውን ተይው አልኩሽ እኮ።»

«ወይ ፈቀቅ በል፣ ወይ ዕቃዬን ሰብስቤ ልሂድ፣ ሱሪህን ገመድ ላይ አቁመው።»

ፈቀቅ አለ። ዴና ቱቦውን ከግድግዳው ነቀለች፣ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ቀዳዳው ውስጥ እስከ ክርኗ ከተተች። ጣቷ አንድ የደደረ ነገር ነካ። በፒንሳ ያዘችው፣ እያወዛወዘች ሳበችው። ብቅ ሲል የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ምድር ቤቱን ሞላው።

ፎጣ ነው። ሰማያዊ የገላ ፎጣ፣ ለሦስት ታጥፎ፣ እንደ ቡሽ ተጠቅልሎ የተወተፈ። ወደ ውስጥ የነበረው ጫፉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠቁሯል።

ከዚያ ኤግበርት «አይጥ» አለ።

«ጎበዝ አይጥ ናት» አለች ዴና። «ለሦስት አጥፋ ነው የጠቀለለችው።»

«ምናልባት ቤቱን የሠሩት ሰዎች ያኔ...»

ዴና ፎጣውን አነሣችና ቅርጫቱ ውስጥ ካሉት ሰማያዊ ፎጣዎች አጠገብ ያዘችው። አንድ ቀለም፣ አንድ ጠርዝ። «ክላሲና፣ የማን ፎጣ ነው?»

ክላሲና ወለል ወለሉን እያየች «ለእንፋሎቱ ነው» አለች።

«ለምን እንፋሎት?» ዴና ገብቷታል። ግን ከአፏ መስማት ፈለገች። ይህን ያህል ደስታ ጌታም አይከለክላትም ብላ ነው።

«ለእሑዱ። ምሳ ላይ ሸሚዙ ላይ መረቅ ያፈሳል። ማታ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። አንገቱ ላይ የሚቆለፍለት ሸሚዝ ያው አንዱ ነው። እሱን አጥብለትና አደርቅለታለሁ፣ ሰው ሲያልፍ እንፋሎቱ እንዳይታይ ቀዳዳውን እሱ ይወትፈዋል። ለአንድ ሸሚዝ ምንም አይል ነበር፣ ሰኞ ሳይወጣ ያ ሁሉ አንሶላ ገብቶበት ነው እንጂ።»

«በየእሑዱ?»

«በየእሑዱ ይበላል እኮ።»

«ክላሲና» አለ ኤግበርት።

«ምን ክላሲና፣ ክላሲና ትለኛለህ። ሰኞ ጠዋት አንተ ታወጣዋለህ ብዬ ነው። ያስገባው ያወጣል አይባልም?»

«ልብስ የምትከቺው አንቺ ነሽ። መክተት ያለበት ሰው አስቀድሞ ያያል።»

ዴና ሁለቱን እያየች ፎጣውን ማድረቂያው ላይ አስቀመጠችው። መሳቅም መናደድም አማራት፣ አንዱን መምረጥ አቅቷት ዝም አለች። ያን ዝምታ ኤግበርት እንደ ፋታ ቆጠረው። ደረቱን ነፋ።

«የግድ ሥራ ነው» አለ። «የምሕረት ሥራና የግድ ሥራ በሰንበት የተፈቀደ ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ቆሽሾ በጌታ ፊት አይቀመጥም።»

«የሕፃን ሽንት ጨርቅ የግድ አይደለም፣ ያንተ መረቅ ግን የግድ ነው።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ?»

«ልጅሽ ሰው እያየ ነው ያጠበችው። ያየ ሰው ይሰናከላል። እኔ ግን ማንንም እንዳላሰናክል ተጠንቅቄአለሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእሷ ንቀት ነው፣ የእኔ ጥንቃቄ ነው።»

እንዲህ ሲል ፊቱ አልቀላም። ዴና ብዙ የተቃጠለ ነገር ከፍታ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ውስጡ ድረስ የከሰለ አይታ አታውቅም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውዬው መዋሸቱ አይደለም፣ የሚናገረውን ማመኑ ነው።

«የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለችና ፊቷን ወደ ሥራዋ መለሰች። ከሣጥኗ ውስጥ ሌላ ፊውዝ ነበራት። አሮጌዋን ፈትታ አዲሷን አሠረች። ቱቦውን አራግፋ፣ ከልብስ የረገፈውን ጥጥ በእጇ ጠርጋ መለሰችው።

ኤግበርት ሚስቱን «ላይ ውጪና ለዴና የሚቀመስ ነገር አዘጋጂላት» ብሎ ሰደዳት። የእግሯ ኮቴ ደረጃውን ወጥቶ እስኪጠፋ ጠበቀና ዴና አጠገብ መጥቶ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ያገለገለ ትራክተር ለገበሬ ሲሸጥ የሚያወጣው ድምፅ ሆነ።

«ሐሙስ ጉባኤ አለን» አለ። «የማርላን ነገር አነሣዋለሁ። ኑዛዜው ይቅር። ሕፃኗ በሚመጣው እሑድ ትጠመቅ። እኔ ካልኩ ሌሎቹ እሺ ይላሉ።» ከዚያ በዓይኑ ፎጣውን ጠቀሰ። «አንቺም ያየሽውን እዚሁ ትተሽ ትሄጃለሽ።»

የዴና እጅ ካቻቢቴው ላይ እንዳለ ቆመ። መንገድ ክፈት ብላ ስትለምን ነው የከረመችው። ይኸው ተከፈተ። በኤግበርት ምድር ቤት በኩል ያልፋል ብላ ግን አላሰበችም። እሺ ማለት ነው የቀራት፤ አንዲት ቃል፣ ከዚያ የልጅ ልጇ ራስ ላይ ውሃው ይፈሳል። አፏም ተከፍቶ ነበር። ቀና ስትል የኤግበርትን ፊት አየች። ፈገግ ብሎ ነበር፣ ዕቃው እንደተሸጠለት ሰው።

«ጥምቀቱ ያንተ ነው እንዴ የምትቀንስልኝ?» አለችው።

«ለልጅሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ለፎጣህ ብለህ ነው።»

«ታዲያ አልፈልግም ነው የምትይኝ?»

«እኔ የምልህን ስማ። ማርላ ቤት ትሄዳለህ። ያን ቀን የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። እሑድ እሑድ እዚህ ምን እንደሚታጠብ ትነግራታለህ። ከዚያ ጉባኤያችሁ የወደደውን ይወስን።»

«እኔ? ለእሷ?»

«እሷን ያ ሁሉ ሰው ፊት ቁሚ ብለሃት የለ? ላንተ አንዲት ሴትና አንዲት ሕፃን ናቸው። ሕፃኗንም ተኝታ ታገኛት ይሆናል።»

«ዴና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት የምትጎዳው። ቢያንስ ለማንም እንደማትናገሪ ቃል ግቢልኝ።»

«ቃል የምገባልህ ስለ ማድረቂያው ብቻ ነው። ይሞቃል።» ሶኬቱን ሰካች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ማድረቂያው ማጓራት ጀመረ። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሞቀ። ሣጥኗን ዘግታ ወጣች።

ክላሲና ደጁ ላይ ደረሰችባት፣ በወረቀት የተጠቀለለ የሙዝ ዳቦ ይዛ። «የማርላን እንፋሎት ያየሁት እኔ ነኝ» አለቻት ቀስ ብላ። «ለኤግበርት የነገርኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እሑድ በመጣ ቁጥር የሰው ግድግዳ ነው የማየው፣ ዴና። እንደ እኛ እሑድ የሚያጥብ ሌላም ሰው ቢኖር እያልኩ። ሳገኝ ደግሞ... ደስ አለኝ መሰለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ዴና ይህችንም ከልቧ ልትንቅ ፈልጋ ነበር፣ ግን ሴትዮዋ ራሷ ስለቀደመቻት ብዙ አልተረፈላትም። «መሬት መሬት እያየሽ ሂጂ» አለቻት። «በረዶው ያዳልጣል።» ዳቦውን ግን ተቀበለች።

ኤግበርት ማርላ ቤት አልሄደም። ሐሙስ ማታ ጉባኤ ገባ። ዓርብ ጠዋት ወሬው ዴናን ዳቦ ቤት ውስጥ አገኛት፤ የአንዱ ሽማግሌ ሚስት እጇን ይዛ «ኤግበርት ክራመር እኮ ትናንት ሰውን አስለቀሰ» አለቻት። ስለ ምሕረት ተናገረ አሉ። ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው የሚለውን አነበበ፣ እንባው ወረደ፣ የሕፃን ጨርቅ ማጠብ የምሕረት ሥራ ነው ብሎ አስረዳ፣ ጉባኤውም ኑዛዜው እንዲቀር በአንድ ድምፅ ወሰነ። «ልቡ እንዴት ሩኅሩኅ ነው» አለች ሴትዮዋ። ዴና ዳቦዋን ተቀብላ ወጣች፤ እዚያ ብትቆይ የምትናገረው ነገር ለዳቦ ቤት አይሆንም ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ስልኩ ይጮኻል። ማርላ ናት። «እማዬ፣ ፓስተሩ ደውሎ ነበር። እሑድ ትጠመቅ፣ ኑዛዜም የለም አለኝ። ምን አድርገሽ ነው? ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነኝ፣ ነይና ንገሪኝ።»

ዴና መኪናዋን ቀስ ብላ ነዳች። ብትናገር፣ ማርላን ታውቃታለች፣ «የእነዚህ ውሃ በልጄ ራስ ላይ አይፈስም» ብላ በሩን ለዘለዓለም ትዘጋዋለች። ዝም ብትል ደግሞ ሕፃኗ እሑድ ትጠመቃለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። እግዚአብሔር በበለዓም አህያ አፍ ተናግሮ የለም እንዴ፣ በኤግበርትስ ቢጠቀም ምን አለበት፣ አለች ለራሷ። የማርላ ቤት መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ግን፣ አህያዋ እኮ የተናገረችው እውነቱን ነው፣ አለች።

ማርላ ወጥ ቤት ነበረች፣ ሪናን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገንፎ እያበላች። ባልዲ ሙሉ የሽንት ጨርቅ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ዴና ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፊውዙን፣ ፎጣውን፣ መረቁን፣ ኤግበርት ሊሸጥላት የፈለገውን ጥምቀት፣ አልቀበልም ማለቷን።

ማርላ መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ሳቀች። ሕፃኗን ለእናቷ አቀብላ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፣ «አይጥ አለ?» እያለች፣ «ለሦስት አጥፋ?» እያለች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እንባው ግን ሳቁ ካቆመ በኋላም ወረደ።

«እኔ እኮ ንጹሓን ይመስሉኝ ነበር» አለች። «ሁሉም። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ታጥቦ እንደዚያ ሲቀመጥ፣ እኔ ብቻ የምሸት። ኮርፌ የቀረሁ መስሎሻል አይደል?»

«ኮርፈሽ ነው እንጂ።»

«አፍሬ ነው፣ እማዬ።»

ዴና እልከኛ ልጅ አለችኝ ብላ ስንት ማታ የጸለየችው ለሌላ ሰው ኖሯል።

«ታዲያ አሁን እሑድ ትመጫለሽ?»

«ኤግበርትን አፍሬ አልቀርም። ኤግበርት ፈርቶ ስለፈቀደልኝም አልሄድም።» ማርላ አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ ስልኩን አነሣች። «ፓስተር፣ ማርላ ነኝ። አዎ፣ ስለ እሑዱ። አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው። የልጄን ጨርቅ እሑድ አጥቤአለሁ፣ በሚቀጥለውም ሳላጥብ የምቀር አይመስለኝም። ሌላ ቀን ወይ ሥራ ነኝ ወይ ደክሞኝ ወድቄ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ተመልሼ ባጥብ ውሸት ነው የሚሆነው። የጉባኤውን ውሳኔ ይተዉት። እርስዎ ይህን አውቀው የሚያጠምቋት ከሆነ ይዣት እመጣለሁ። ካልሆነም አሁን ይንገሩኝ፣ እሑድ በከንቱ እንዳልለብስ።»

ዴና በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ፎጣውን፣ ፎጣውን ንገሪው። ማርላ የስልኩን አፍ ሸፈነች። «ስለ ፎጣው ኤግበርት ይናገር። የኔ ለኔ ይበቃኛል።»

ማርላ መልሱን ልትሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ መለሰች። ሪና የአያቷን የኮት ቁልፍ ታኝካለች። ዴና ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ከምሳ በኋላ ነው የምትተኛው» አለች ማርላ ስልኩ ውስጥ። «አይ፣ ጠዋትስ ደህና ናት። እሺ። እሺ ፓስተር።» ዘጋችው።

«ምን አለሽ?»

«‘ሕፃኗ በየትኛው አምልኮ ላይ ነው የማታለቅሰው?’ አለኝ።»

ዴና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗ ባልዲው ላይ አረፈ።

«ከእንግዲህ ቅዳሜ ማታ እኔ መጥቼ አጥብልሻለሁ» አለች።

ማርላ ገንፎውን ከጠረጴዛው ላይ እየጠረገች ነበር፣ ቀና አላለችም። «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻት።

በንዴት አልነበረም የጠየቀቻት። ዴና ያን ሁሉ ወር ኤግበርትን ስትንቅ ነበር፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል። ሕፃኗን ለእናቷ መለሰችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ማጠብ ይፈቀዳል። ባልዲውን አንሥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።